ከባሕር ዳር ተነስቶ ስሜን ተራሮች ላይ የአንድ ሳምንት የእግር ጉዞ እንዴት ይታቀዳል?

ክረምቱ ሲወጣ ያው ጥያቄ ይመጣልኛል። "ስሜን ተራሮች ላይ አንድ ሳምንት በእግር ልንሄድ ነው፤ ምን እንያዝ?" ጠያቂዎቹ አብዛኞቹ የባሕር ዳር ልጆች ናቸው። እኔም እዚሁ ጣና ዳር ነኝ። ለእያንዳንዱ በስልክ ከማስረዳ አንዴ በደንብ ልጻፈው ብዬ ነው።

ከ"ምን እንያዝ" በፊት የሚመጣ ጥያቄ አለ። የት ከፍታ ላይ ነው የምታድሩት? ይህን ጉዞ በኪሎ ሜትር አታቅዱት። በከፍታ አቅዱት። የየሌሊቱ ማደሪያ ከታወቀ ልብሱም፣ ምግቡም፣ ነዳጁም፣ የዕረፍቱ ቀንም ተከትሎ ይመጣል።

ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ናት። ተራራው ላይ ከምታድሩባቸው ቦታዎች አንዱ የሆነው ጨነቅ ካምፕ 3,620 ሜትር ነው፤ እጥፍ ማለት ነው። ራስ ዳሸን 4,550 ሜትር ይደርሳል። እኛ ሰፈር በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን በባሕር ጠለል ላይ ከሚገኘው 80 በመቶ ያህል ነው። ጨነቅ ላይ ወደ 65 በመቶ ይወርዳል። ራስ ዳሸን ጫፍ ላይ 57 በመቶ ገደማ ነው። ብርዱም እንደዚያው ነው። በየ1,000 ሜትሩ ወደ 6 ዲግሪ ተኩል ይቀንሳል። ጣና ዳር በሸሚዝ የተቀመጣችሁበት ማታ ጨነቅ ላይ ወፍራም ጃኬት የሚያስለብስ ማታ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች (ለአንድ ሰው)

- ቁርጭምጭሚት የሚይዝ ጫማ፣ ቢያንስ 3 ሳምንት የተለማመዳችሁበት
- 3 ወፍራምና 2 ቀጭን ካልሲ (አንዱ ወፍራም ለመኝታ ብቻ)
- ከሱፍ ወይም ቶሎ ከሚደርቅ ጨርቅ የተሠራ የውስጥ ልብስ፣ ከላይም ከታችም
- ወፍራም ሹራብና ንፋስ የማያስገባ ጃኬት
- የዝናብ ልብስ
- ጆሮ የሚሸፍን የሱፍ ኮፍያ፣ ጓንት፣ ለቀን ደግሞ ሰፊ ባርኔጣ
- ከዜሮ በታች ላለ ብርድ የተሠራ የመኝታ ከረጢት
- ከመሬት የሚለይ ስፖንጅ ፍራሽ
- ድንኳን (ለሁለት ሰው አንድ ይበቃል)
- በግንባር የሚታሰር ባትሪ ከትርፍ ድንጋዮቹ ጋር
- በድምሩ 3 ሊትር የሚይዙ የውሃ ዕቃዎች
- የፀሐይ መነጽርና የፀሐይ መከላከያ ቅባት
- ፓወር ባንክ
- ምርኩዝ
- የመድኃኒት ከረጢት፦ ፓራሲታሞል፣ ኦአርኤስ፣ ፕላስተር፣ ፋሻ፣ የቁስል ማጽጃ፣ በመደበኛነት የምትወስዱት መድኃኒት ካለ እሱ
- ወፍራም ፌስታሎች፣ ብዙ
- ጥሬ ገንዘብና መታወቂያ

ለጃኬቱና ለሹራቡ አዲስ መግዛት የለባችሁም። ሰልባጅ ተራ ግማሽ ቀን ብትዞሩ ጥሩ የሱፍ ሹራብ ታገኛላችሁ። ጫማ ላይ ግን ሰልባጅ አልመክርም። በሌላ ሰው እግር የተቀረጸ ጫማ ረጅም ቁልቁለት ላይ ያስቀይማችኋል።

ጂንስ ሱሪ እቤት ይቅር። ጥጥ ከረጠበ አይደርቅም፤ የሰውነትን ሙቀት ይመጠዋል። ጋቢም ጥጥ ነው። ጋቢ ካምፕ ላይ፣ ደረቅ ሆኖ፣ ከጃኬት በላይ ሲደረብ እንደሱ ያለ የለም። እየተጓዙ ግን አይለበስም።

1. መንገዱንና ጸጥታውን አረጋግጡ

ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ ነው። ከባሕር ዳር በወረታና በአዲስ ዘመን አድርጋችሁ ጎንደር ትደርሳላችሁ፤ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከጎንደር ደባርቅ ሌላ 100 ኪሎ ሜትር ያህል አለ። በዚህ መንገድ ላይ በዚያ ሳምንት የሚመላለሱ ሾፌሮችን ጠይቁ። ደባርቅ የሚገኘውን የፓርኩን ጽሕፈት ቤትም ጠይቁ። ሁለቱንም ጠይቁ፤ ሾፌሩ የሚያውቀው መንገዱን ነው፣ ጽሕፈት ቤቱ ደግሞ ተራራውን። ከመነሻችሁ አንድ ሳምንት በፊት አንዴ፣ ከመነሻው ዋዜማ ደግሞ አንዴ ጠይቁ። ከሁለቱ አንዱ "ቆዩ" ካለ ቆዩ። ተራራው የትም አይሄድም።

2. ወሩን ምረጡ

ከጥቅምት እስከ የካቲት ጥሩ ነው። ጥቅምት ላይ ምድሩ ገና አረንጓዴ ነው፣ ወንዙም ውሃ አለው። ታኅሣሥና ጥር ሰማዩ ጥርት ይላል፤ ሌሊቱ ግን ውርጭ ነው፣ ከዜሮ በታች ይወርዳል። ከሰኔ እስከ መስከረም አጋማሽ አትሂዱ። ጉሙ የገደሉን ጠርዝ ይደብቃል፣ ጭቃው ያንሸራትታል፣ ከጨነቅ ወዲያ የምትሻገሩት የመሸሃ ወንዝም ይሞላል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ለጥምቀት ሰሞን፣ ጥር 10 እና 11 አካባቢ፣ ጎንደር ይጨናነቃል። አልጋም መኪናም ይጠፋል። ወይ በዓሉን አስባችሁ ሂዱ፣ ወይ ከዚያ ሳምንት ራቁ።

3. የማደሪያ ከፍታችሁን በወረቀት ጻፉ

ደንቡ ይህ ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ ስትሆኑ የዛሬው ማደሪያ ከትናንቱ ከ500 ሜትር በላይ መብለጥ የለበትም። በየ3 ወይም 4 ቀኑ ደግሞ ማደሪያ ሳትቀይሩ አንድ ቀን ቆዩ። ቀን ላይ ከፍ ብሎ መውጣት ችግር የለውም፤ እንዲያውም ሰውነትን ያለማምዳል። ዋናው ለመኝታ ዝቅ ብሎ መመለሱ ነው። ሰውነት ለቀጭን አየር የሚለምደው ቀስ ብሎ ነው። ጎበዝ ስፖርተኛ መሆን ይህን አያፋጥነውም።

እኔ የምመክረው አካሄድ የሚከተለው ነው።

- መድረሻ ቀን፦ ባሕር ዳር፣ ጎንደር፣ ደባርቅ። ማደሪያ ደባርቅ፣ 2,850 ሜትር ገደማ።
- ቀን 1፦ እስከ ቡይት ራስ በመኪና፣ ከዚያ በእግር ሳንካበር። ማደሪያ 3,250።
- ቀን 2፦ ሳንካበር፣ የጅንባር ፏፏቴ ማያ፣ ግጭ። ማደሪያ 3,600።
- ቀን 3፦ ግጭ፣ ኢሜት ጎጎ (3,926)፣ ጨነቅ። ማደሪያ 3,620።
- ቀን 4፦ ጨነቅ ላይ መቆያ። ደህና ከሆናችሁ ወደ ብዋሂት (4,430) ወጥቶ መመለስ። ማደሪያ 3,620።
- ቀን 5፦ ጨነቅ፣ የብዋሂት መተላለፊያ (4,200)፣ የመሸሃ ወንዝ (2,800)፣ አምቢቆ። ማደሪያ 3,200።
- ቀን 6፦ አምቢቆ፣ ራስ ዳሸን (4,550)፣ አምቢቆ። ማደሪያ 3,200።
- ቀን 7፦ አምቢቆ፣ መሸሃ፣ ጨነቅ። ከዚያ በመኪናው መንገድ ወደ ደባርቅ።

በእግር በገደሉ ጠርዝ ትሄዳላችሁ፣ በመኪናው መንገድ ዙሩን ትዘጋላችሁ። ማደሪያዎቹን እዩአቸው። ከ2,850 ወደ 3,250፣ ወደ 3,600፣ ወደ 3,620። አንዴም 500 አልዘለለም። የተራራው ጫፍ ሌሊት እንኳን መኝታችሁ 3,200 ላይ ነው።

ቀን 4ን "ጊዜ ማባከን ነው" ብለው የሚሰርዙት ብዙ ናቸው። እባካችሁ አትሰርዙት። ብዋሂት ላይ 4,430 የቀመሰ ሰውነት ራስ ዳሸን ላይ ብዙም አይደነግጥም። አንድ ሰው ከታመመ፣ ዝናብ ከመጣ ወይም በቅሎ ከዘገየ ደግሞ ያላችሁ ትርፍ ቀን እሱ ብቻ ነው። ዋሊያ ማየት የሚፈልግ ሰውም ጨነቅ አካባቢ በጠዋት ወጥቶ ገደሉን በትዕግስት ቢቃኝ ጥሩ ዕድል አለው።

ስለዚህ "የአንድ ሳምንት ጉዞ" ማለት ከሥራ የ9 ቀን ፈቃድ ነው። 7 ቀን በእግር፣ አንድ ቀን መሄጃ፣ አንድ ቀን መመለሻ። ፈቃዳችሁ 7 ቀን ብቻ ከሆነ ራስ ዳሸንን ተዉና ከጨነቅ ተመለሱ። የመጀመሪያዎቹ 4 ቀናት ብቻቸውን ሙሉ ጉዞ ናቸው።

4. የየቀኑን ሰዓት አስሉ

ከ3,000 ሜትር በላይ አንድ ጤነኛ ሰው በሰዓት ወደ 300 ሜትር ከፍታ ይወጣል ብላችሁ አስሉ። ከዚህ የፈጠነ ዕቅድ አታውጡ። ለየሰዓቱ ደግሞ 10 ደቂቃ ዕረፍት ጨምሩ።

ራስ ዳሸንን እንይ። ከአምቢቆ 3,200 እስከ 4,550 ድረስ 1,350 ሜትር ነው። ለ300 ሲካፈል 4 ሰዓት ተኩል። ዕረፍት ሲጨመር 5 ሰዓት ተኩል ያህል። መውረጃው ወደ 4 ሰዓት ይወስዳል። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ከተነሳችሁ ጠዋት 3 ወይም 4 ሰዓት ላይ ጫፉ ላይ ናችሁ። ከሰዓት በኋላ ደመና ሲሰበሰብ እናንተ ወርዳችኋል ማለት ነው።

አሁን ቀን 7ን አስሉት። ሰው ሁሉ ከጫፉ በኋላ ጉዞው ያለቀ ይመስለዋል። አላለቀም! ከአምቢቆ ወደ መሸሃ 400 ሜትር ትወርዳላችሁ። ከዚያ ከ2,800 እስከ 4,200 ድረስ 1,400 ሜትር ትወጣላችሁ። ይህ ከራስ ዳሸን አቀበት ይበልጣል። ያውም በደከመ እግር። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ መንገድ ጀምሩ፤ የአቀበቱን መጀመሪያ ፀሐይ ሳትከር እንድትጨርሱ። ማታ ጨነቅ ደርሳችሁ ከደከማችሁ እዚያው እደሩና ጠዋት በመኪና ውረዱ።

5. ፈቃድ፣ ሰውና በቅሎ

የመግቢያ ፈቃድ ደባርቅ ከሚገኘው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ይወሰዳል። ያለ ስካውት፣ ማለትም መሣሪያ ይዞ አብሯችሁ ከሚሄድ ጠባቂ ውጭ፣ መግባት አይቻልም። አስጎብኚ፣ ባለ በቅሎና ምግብ አብሳይም እዚያው ይገኛሉ። ዋጋ ስለሚቀያየር እዚህ አልጽፍም፤ ስትደርሱ ጠይቁ። ግን እነዚህን ነገሮች ከመነሳታችሁ በፊት ተነጋገሩ።

- የቀን ክፍያው ስንት ነው? የመመለሻ ቀንስ ይከፈላል ወይ? ባለ በቅሎው ከእናንተ ተለይቶ በእግሩ የሚመለስ ከሆነ ያ ቀን የሥራ ቀኑ ነው።
- በቅሎዋ ስንት ኪሎ ትጭናለች? አብዛኛውን ጊዜ ከ40 እስከ 45 ኪሎ ነው። ከዚያ በላይ አታስጭኑ። ገደል ላይ ሚዛኗን የሳተች በቅሎ ከነጭነቷ ትሄዳለች።
- የስካውቱና የባለ በቅሎው ምግብና ማደሪያ በማን ነው? አብዛኞቹ ለራሳቸው ጥቂት ስንቅ ብቻ ይይዛሉ። እኔ ሁልጊዜ ለእነሱም አስቤ እገዛለሁ። አብሮ የሚሄድ ሰው ብቻውን ደረቅ ቆሎ እየቆረጠመ እናንተ ትኩስ ሽሮ አትበሉም።

የጸጥታና የመንገድ ነገር ላይ የስካውቱን ቃል ስሙ። "ዛሬ በዚህ አንሄድም" ካሉ ምክንያት አላቸው።

6. እግራችሁን እዚሁ ባሕር ዳር አለማምዱ

ለከፍታው እዚህ መለማመድ አይቻልም። ለአቀበቱና ለቁልቁለቱ ግን ይቻላል። በዘንባባዎቹ ጥላ ሥር አስፋልት ላይ መሄድ ብቻውን አይበቃም፤ ሜዳ ነው። ከ6 ሳምንት በፊት ጀምሩ።

ቤዛዊት ኮረብታን በሳምንት 3 ጊዜ ውጡ፣ ውረዱ። ቦርሳችሁ ውስጥ ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ ውሃ ሞልታችሁ ክተቱ። የመጀመሪያው ሳምንት ሁለት፤ ያ 4 ኪሎ ነው። በአራተኛው ሳምንት አራት፤ 8 ኪሎ ሆነ። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ላይ ስትደርሱ ውሃውን አፍስሱና ቀሎአችሁ ውረዱ፤ ጉልበታችሁን ይጠብቃል። ከዚያ በኋላ ግን ይዛችሁ ውረዱ። ጭን የሚያሳምመው መውጣቱ ሳይሆን መውረዱ ነው። ቀን 5 ላይ ደግሞ ከ4,200 ወደ 2,800 ስትወርዱ 1,400 ሜትር ቁልቁለት ይጠብቃችኋል።

ቅዳሜ ወይም እሑድ አንዱን ቀን ረጅም አድርጉት። ዘጌ በቡናው ጥላ ሥር ወይም ጢስ ዓባይ አካባቢ 5 እና 6 ሰዓት ሂዱ። ያው ጫማ፣ ያው ካልሲ፣ ያው ቦርሳ ይሁን። ጫማው የሚፋቀው የት ላይ እንደሆነ እዚህ እወቁት።

7. ስንቅ

ለአንድ ሰው በቀን ከ750 እስከ 800 ግራም ደረቅ ምግብ ያዙ። ለ7 ቀን 5 ኪሎ ተኩል ገደማ ነው። የእኔ ዝርዝር ይህን ይመስላል፦

- በሶ፣ 1 ኪሎ
- ድርቆሽ፣ 1 ኪሎ
- ሽሮ፣ 700 ግራም
- ቀጭን ፓስታ ወይም ሩዝ፣ 700 ግራም
- ቆሎና ኦቾሎኒ፣ 1 ኪሎ ከ200
- ማር ወይም ስኳር፣ 400 ግራም
- ቋንጣ ወይም ምስር ክክ፣ 300 ግራም
- ዘይት፣ ሩብ ሊትር
- ጨው፣ ሻይ ቅጠል፣ ዝንጅብል

ሁሉንም ቅዳሜ ገበያ በአንድ ጠዋት ታገኙታላችሁ። ድርቆሹን ግን ራሳችሁ አዘጋጁት። እንጀራውን ቆራርጣችሁ ንጹሕ ጨርቅ ላይ አስጡት። ለሁለትና ሦስት ቀን ፀሐይ ላይ አገላብጡት። ሲነኩት ኩርፍ ኩርፍ ካላለ አልደረቀም፤ ውስጡ እርጥበት ከቀረ ሦስተኛው ቀን ላይ ይሻግታል። ማታ ማታ ቤት አስገቡት፤ የሐይቁ እርጥበት መልሶ ያለሰልሰዋል።

ድርቆሽን የመረጥኩት ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ውሃ በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ያህል ቀድሞ ይፈላል። ባሕር ዳር 94 ዲግሪ ላይ ይፈላል። ጨነቅ ላይ 88 ገደማ ነው። ውሃው ይንተከተካል እንጂ እንደ ባሕር ዳሩ አይሞቅም። ስለዚህ ባቄላ፣ ሽምብራና ድፍን ምስር አይበስልም፤ ነዳጃችሁን ብቻ ይጨርሳል። ሽሮ ግን ቶሎ ይበስላል። ድርቆሽ ትኩሱን ሽሮ ሲያፈሱበት ራሱ ፍትፍት ይሆናል። በሶ ጭራሽ እሳት አይፈልግም።

የምትጾሙ ከሆነ ረቡዕና ዓርብን ዝርዝሩ ላይ አስቀድማችሁ ምልክት አድርጉ። ቋንጣው ለሌላው ቀን ይሁን። በበሶው ላይ ማር፣ በሽሮው ላይ ዘይት ጨምሩ። ብርድ ውስጥ የሚሠራ ሰውነት ስብ ይፈልጋል። በነቢያት ጾም ወይም በዐቢይ ጾም ከሄዳችሁ የቋንጣውን ቦታ በኦቾሎኒና በምስር ክክ ተኩት።

የየቀኑን ምግብ በየፌስታሉ ለዩና ቀኑን ጻፉበት። ይህን ያላደረገ ቡድን አራተኛው ቀን ላይ ማር ጨርሶ ሽሮ ብቻ ይቀረዋል።

8. ውሃና ነዳጅ

በእግር በምትሄዱበት ቀን 3 ሊትር ጠጡ። የምንጭና የወንዝ ውሃ ንጹሕ ቢመስልም ከላዩ ከብት ይሰማራል። አፍሉት ወይም ውሃ አጋር ጨምሩበት። መጠኑን ከዕቃው ላይ አንብቡ። ውሃው በጣም ቀዝቃዛ ሲሆን መድኃኒቱ ቶሎ አይሠራም፤ ዕቃው ላይ ከተጻፈው የመቆያ ጊዜ እጥፉን ጠብቁ።

ፓርኩ ውስጥ እንጨት መቁረጥ ክልክል ነው። አስታና ጅብራ ለማገዶ የበቀሉ አይደሉም። የነጭ ጋዝ ምድጃ ያዙ። ነዳጁ ስንት እንደሚበቃ የማውቅበት መንገድ ቀላል ነው። ቤት ውስጥ ያንኑ ምድጃ ለኩሼ አንድ ሙሉ እራትና ሻይ እሠራለሁ። የፈጀውን ነዳጅ እለካለሁ። በእራቶቹ ቁጥር አባዛለሁ፣ ለቁርስ ሻይ እጨምራለሁ፣ ከዚያ በጠቅላላው ላይ ግማሹን እደምርበታለሁ። ብርዱና ንፋሱ ያንን ግማሽ ይበሉታል።

9. ዕቃውን ሁለት ቦታ ክፈሉ

በቅሎዋ ላይ የሚጫነውና ከጀርባችሁ የማይለየው የተለያዩ ናቸው። በቅሎ በሌላ መንገድ ትሄዳለች፤ ማታ ድረስ ላትገናኙ ትችላላችሁ። ስለዚህ ጀርባችሁ ላይ ሁልጊዜ የሚከተለው ይኑር፦ የዝናብ ልብስ፣ ሹራብ፣ ኮፍያና ጓንት፣ ውሃ፣ የቀኑ ምሳ፣ ባትሪ፣ መድኃኒት፣ ስልክና ገንዘብ። 6 ወይም 7 ኪሎ ይሆናል።

የመኝታ ከረጢቱንና የሌሊት ልብሱን ለብቻ በሁለት ፌስታል ጠቅልላችሁ እሰሩ። ሌላው ሁሉ ቢረጥብ ችግር አይደለም። እነዚህ ከረጠቡ ግን ሌሊቱን አታልፉትም። ድንኳን ውስጥ ስትገቡ ደግሞ መጀመሪያ ፍራሹን አንጥፉ። ከላይ ስንት ብርድ ልብስ ቢደረብ መሬቱ ከታች ሙቀታችሁን ይወስደዋል። ከመተኛታችሁ በፊት የፈላ ውሃ ጠንካራ ዕቃ ውስጥ ሞልታችሁ፣ ካልሲ አልብሳችሁ እግራችሁ ሥር አድርጉ። ጠዋት ደግሞ ለመጠጥ ይሆናል።

10. እቤት የሚቀር ወረቀት ተዉ

ከላይ ያለውን የቀናት ዝርዝር ገልብጣችሁ ለአንድ ቤተሰብ ስጡ። የምትመለሱበትን ቀን፣ የአስጎብኚያችሁን ስልክ፣ "እስከዚህ ቀን ማታ ካልደወልን ለፓርኩ ደውሉ" የሚል መስመር ጨምሩበት። ተራራው ላይ ስልክ አንዳንዴ ይሠራል፣ አብዛኛውን ጊዜ አይሠራም። ቀድማችሁ ካልነገራችሁ እናት በሁለተኛው ቀን ነው የምትታመመው።

ጥንቃቄ፦ የከፍታ ሕመም

ይህን ክፍል ለብቻው ሁለት ጊዜ አንብቡት።

አንድ ጓደኛዬ ለሥራ ተቸኩሎ ከባሕር ዳር በሌሊት ተነስቶ በመኪና በዚያው ቀን ጨነቅ ገባ። ከ1,800 ወደ 3,620 በአንድ ቀን! ማታ ራሱን ወጋው። ምግብ አልፈለገም። እኩለ ሌሊት ላይ ማስታወክ ጀመረ። እኛ ሦስት ቀን በእግር መጥተን ምንም አልሆንንም ነበር። ሌሊቱን አጠገቡ ቁጭ ብለን አደርን። ሲነጋ ወደ ደባርቅ ወረደ፤ ከሰዓት ላይ እንጀራ በላ። ያዳነው መውረዱ ነው።

ምልክቶቹን በሁለት ክፈሏቸው።

ቀላሉ፦ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ድካም። ይህ ሲመጣ ከዚያ በላይ አትውጡ። እዚያው እረፉ፣ ውሃ ጠጡ፣ ለራስ ምታቱ ፓራሲታሞል ውሰዱ። በማግሥቱ ከለቀቀ ቀጥሉ። ካለቀቀ ውረዱ።

ከባዱ፦ ቁጭ ብሎ እንኳን ትንፋሽ ማጠር፣ የማያቋርጥ ሳል፣ ሮዝ አረፋ ያለው አክታ፣ መንገዳገድ፣ ነገር መቀላቀል። ሰውየውን ቀጥ ባለ መስመር ላይ፣ ተረከዙን ከጣቱ እያገናኘ እንዲራመድ አድርጉት። ከተወላገደ በቃ። ሌሊትም ቢሆን፣ ብርድም ቢሆን አሁኑኑ አውርዱት፣ ብቻውን ግን አይውረድ። ይህ ይገድላል። ጠዋት ይሻለው ይሆናል ብሎ መጠበቅ የለም።

ከአምቢቆ ማዶ ከሆናችሁ መኪና ሩቅ ነው። ለዚህ ነው ቀን 4 ላይ ጨነቅ ሆናችሁ እያንዳንዱን ሰው "ራስህን ያምሃል? በልተሃል? ተኝተሃል?" ብላችሁ የምትጠይቁት። ጨነቅ ላይ የመኪና መንገድ አለ። ያመነታ ሰው ከዚያ ይመለስ። አሴታዞላማይድ የሚባል መከላከያ መድኃኒት አለ፤ ከመሄዳችሁ በፊት ሐኪም አማክሩ። ሰልፋ ያለው መድኃኒት የማይስማማችሁ ከሆነ ለሐኪሙ መጀመሪያ ያንን ንገሩት። የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ያለበት ሰውና ነፍሰ ጡር ሐኪም ሳያዩ አይነሱ። አልኮልና የእንቅልፍ ኪኒን ተራራው ላይ አይወሰድም፤ ሌሊት ትንፋሽን ያዘገያሉ።

ሌሎች አደጋዎች፣ ባጭሩ

ገደል፦ ኢሜት ጎጎ ላይ ፎቶ ስትነሱ ወደ ኋላ አትራመዱ። ከጠርዙ 3 ሜትር ራቁ። ድንገተኛ ንፋስ አለ።

ፀሐይ፦ ብርዱ ያታልላል። አፍንጫና ከንፈር በአንድ ቀን ይላጣል። ቫዝሊን ፀሐይ አይከላከልም።

እንስሳት፦ ጭላዳዎች ሰው አይፈሩም። አጠገባቸው ቁጭ ማለት ይቻላል፤ መመገብና መንካት ግን አይቻልም። ጨነቅ ላይ ደግሞ ቁራዎቹን ተጠንቀቁ። ክፍት ቦርሳ ካገኙ ዳቦ ይዘው ይሄዳሉ።

በብዛት የሚደረጉ ስህተቶች

አዲስ ጫማ ገዝቶ በማግሥቱ መሄድ። ሁለተኛው ቀን ላይ ተረከዙ ውሃ ይቋጥራል። ቆዳው መቃጠል ሲጀምር ወዲያው ቁሙና ፕላስተር ለጥፉ፤ "ካምፕ ስንደርስ" አትበሉ።

በመጀመሪያው ቀን መሮጥ። ሳንካበር ቅርብ ስለሆነ ወጣቶች ይሽቀዳደማሉ። በአፍንጫችሁ እየተነፈሳችሁ ማውራት የምትችሉበት ፍጥነት ትክክለኛው ነው።

ላብ ይዞ መተኛት። ካምፕ እንደደረሳችሁ፣ ገና ሙቀት ሳለ፣ የውስጡን ልብስ ቀይሩ። ቁጭ ብላችሁ ሻይ ስትጠብቁ ነው ብርዱ የሚገባው።

መመለሻ ሰዓት አለመወሰን። ራስ ዳሸን ላይ የእኔ ሰዓት ቀን 5 ሰዓት ነው። 5 ሰዓት ላይ ጫፉ 100 ሜትር ቢቀረኝም እመለሳለሁ። ይህን ቁጥር ማታ አምቢቆ ላይ ሁላችሁም ተስማሙበት። ጫፉ እየታየ ተስማምቶ የሚመለስ ሰው የለም።

ገንዘብ ሳይዙ መግባት። ባንኩ ደባርቅ ላይ ነው። ከዚያ ወዲያ የለም።

ቆሻሻ ጥሎ መምጣት። ፌስታሉም፣ የባትሪ ድንጋዩም፣ ሃይላንዱም ከእናንተ ጋር ይውረድ። መጸዳጃ በሌለበት ቦታ ከውሃ 60 ሜትር ርቃችሁ፣ 15 ወይም 20 ሳንቲ ሜትር ቆፍራችሁ ቅበሩ።

ከጉዞው ስትመለሱ ደግሞ ድንኳኑንና የመኝታ ከረጢቱን እንደታሰሩ አታስቀምጧቸው። በዚያው ቀን፣ ድካሙ ሳይለቅ፣ ግቢ ውስጥ ገመድ ላይ ስቀሏቸው። ባሕር ዳር እርጥበቷ ብዙ ነው፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይሻግታሉ። ሙሉ ቀን ፀሐይ ካገኙ በኋላ ሳታጥብቁ ጠቅልላችሁ ደረቅ ቦታ አኑሯቸው።